ቱቦ ገብቶለት ሳምንታት የሚተኛ በሽተኛ፦ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ዋርድ ነርስ ነኝ። ደረታቸው ውስጥ መግል ወይም ደም ቋጥሮ ቱቦ የገባላቸው በሽተኞች ብዙ ሳምንት ይተኛሉ። አልጋ ስለማይለቀቅ ሌላው ወረፋ ይጠብቃል። ቀጠሮ የተያዘለት ኦፕሬሽን በዕለቱ ይሰረዛል። ልባቸውን አዲስ አበባ ተሠርተው የሚመለሱትም ክትትላቸው ይቋረጣል። አሁን የጥራት ቡድን ውስጥ ተመድቤያለሁ። ብዙዎቹ አዲስ ማሽን ካልመጣ ለውጥ የለም ይላሉ። እውነት ነው? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ ሲስተር፣ እውነት አይደለም። ማሽን የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፤ እመጣበታለሁ። እርስዎ የዘረዘሩት ችግር ግን አብዛኛው ማሽን አይጠብቅም። እኔ የደረት ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ የሚሠራውን አላቃልልም። ግን ደረቱ የተከፈተ ሰው ጠረጴዛው ላይ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። ቀሪውን ቀንና ሌሊት ዋርድ ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። ከደረት ቱቦው የሚወጣው የሚጠራቀምበትን ጠርሙስ ማን አየው? ማን አስነሣው? ማን አስሳለው? ሕመሙን ማን አስታገሠለት? ቶሎ ድኖ ይወጣል ወይስ እዚያው ይከርማል የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ይህ ነው። ጥራትና ቅልጥፍናም እዚህ ላይ ሁለት ሥራ አይደሉም። ቱቦው በጊዜው የወጣለት ሰው በኢንፌክሽን የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል፤ አልጋውም ለሚቀጥለው ይለቀቃል።

ስለዚህ ከጠርሙሱ ይጀምሩ።

ጠዋት ራውንድ (የሐኪሞች ጉብኝት) ከመጀመሩ በፊት አልጋው አጠገብ ቁጢጥ ይበሉ። የቱቦው ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ውሃ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል መግባቱን ይዩ። ከውሃው በላይ ከሆነ አየር ወደ ደረት ይመለሳል። በጣም ከጠለቀ ደግሞ አየሩ ለመውጣት ይቸገራል። ከዚያ በሽተኛውን «እስቲ በረጅሙ ይሳቡ» ይበሉት። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሳንባው ሙሉ በሙሉ ተነፍቷል፣ ወይ ቱቦው ተዘግቷል። ቱቦውን ከደረት እስከ ጠርሙስ በእጅዎ ይከተሉት። ብዙ ጊዜ ብርድ ልብስ ሥር ታጥፎ፣ ወይም በሽተኛው ራሱ ተኝቶበት ያገኙታል። ቀጥለው እንዲስል ያድርጉት። አረፋ ከወጣ ሳንባው ገና አየር ያፈስሳል ማለት ነው። አረፋ የሚያወጣ ቱቦ በክላምፕ (በመቆንጠጫ) አይያዝም፤ ለኤክስሬይ ሲሄድም ቢሆን። አየሩ መውጫ ካጣ ደረት ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን ይጫናል። ሰው በደቂቃዎች ሊሞት ይችላል።

ጠርሙሱ ሁልጊዜ ከደረት በታች መሆን እንዳለበት ሁሉም ነርስ ያውቃል። ነገሩ የሚበላሸው በስትሬቸር ሲኬድ ነው። አስታማሚው ለማገዝ ብሎ ጠርሙሱን ያነሣና በሽተኛው ሆድ ላይ ያስቀምጠዋል። ውሃውም መግሉም ወደ ደረት ይመለሳል። እኛ አገር ሌሊቱን ሙሉ አልጋው ሥር የሚያድረው አስታማሚ ነው። ከደላንታም ይምጣ ከወረኢሉ፣ ሁለት ደቂቃ ወስደው ያስተምሩት። ጠርሙሱን ከፍ አታድርግ፣ ቱቦው እንዳይታጠፍ ጠብቅ፣ ቱቦው ከወለቀ ወይም ጠርሙሱ ከተሰበረ ቶሎ ጥራን። አስተምራችሁት ከሆነ ከማናችንም በላይ ነቅቶ ይጠብቃል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ልኬቱ እንምጣ። ጠርሙሱ ላይ ነጭ ፕላስተር ይለጥፉ። በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የፈሳሹን ከፍታ አስምረው ቀኑን ይጻፉበት። ይኸው ነው። ይህ ካልተደረገ ራውንድ ላይ የሚሰማው «ብዙ ወጥቷል»፣ «ትንሽ ነው የወጣው» የሚል ብቻ ይሆናል። ሬዚደንቱም (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም) ምን ያድርግ፣ «ነገ እንየው» ብሎ ያልፋል። «ነገ እንየው» እየተባለ ሳምንት ይሄዳል። ቱቦ የሚወጣበት መስፈርት ግን ውስብስብ አይደለም። በ24 ሰዓት ውስጥ የወጣው ፈሳሽ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ፣ መግል ወይም ትኩስ ደም ካልሆነ፣ ሲሳል አረፋ ከሌለና ኤክስሬይ ላይ ሳንባው ተነፍቶ ከታየ ይወጣል። አራቱን ነገር ነርሷ ራሷ ራውንድ ላይ በቅደም ተከተል ካቀረበች ሐኪሙ እዚያው ቆሞ ይወስናል። ለእኔ ከሁሉም በላይ ቀን የሚያተርፈው ይህ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ብዙ ውሃ የቋጠረ ደረት በአንድ ጊዜ ተሟጥጦ አይቀዳም። መጀመሪያ ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ከወጣ በኋላ ቆም ይባላል። በመሃል በሽተኛው አጥብቆ መሳል ከጀመረ ወይም ደረቴን ጨመደደኝ ካለ ከዚያም በፊት ይቆማል። ለረጅም ጊዜ ተጨፍልቆ የቆየ ሳንባ በድንገት ሲነፋ ራሱ ውሃ ሊቋጥር ይችላል።

መግል የቋጠሩት ላይ ዋናው ጠላት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ፈሳሹ ቀጭን ነው፤ ቱቦ በቀላሉ ያወጣዋል። ከቀናት በኋላ ክር ክር ያለ ነገር ይሠራና ደረቱን በትንንሽ ክፍል ይከፋፍለዋል። ያኔ ቱቦው አንዱን ክፍል ብቻ ያደርቃል። ሳምንታት ሲያልፉ ደግሞ ሳንባው ላይ ወፍራም ቅርፊት ይጋገራል። ከዚያ በኋላ ደረት ከፍቶ ቅርፊቱን መላጥ ነው የሚቀረው። ሰዓት የሚፈጅ፣ ደም የሚጠይቅ ሥራ ነው። እንግዲህ ካርዱ ላይ ቱቦ የገባበትን ቀን በትልቁ ይጻፉ። ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳቱ ካልወረደና በኤክስሬይ ወይም በአልትራሳውንድ የቀረ መግል ከታየ፣ የቀዶ ሕክምና ውሳኔ የሚሰጥበት ቀን ያ ነው። አንቲባዮቲክ እየቀያየሩ አንድ ወር መቆየት በሽተኛውን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ኦፕሬሽን ይወስደዋል። መግሉ ለቲቢ በጂን ኤክስፐርት (የጀርሙን ዘረ መል በሚፈልግ ማሽን) መመርመሩንም ያረጋግጡ። ኦፕሬሽን ከተደረገ ከደረቱ ሽፋን የተቆረጠ ቁራጭም አብሮ ይላክ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሆኖ ከተገኘ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው። ምግቡንም አይርሱ። መግል በየቀኑ ፕሮቲን ይዞ ነው የሚወጣው። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ሽሮ፣ የሚችለውን ሁሉ ይብላ። በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘን።

ደም የቋጠሩት ላይ ሥራው በሰዓት ነው የሚለካው። ከሐረጎ መንገድ የመኪና አደጋ የመጣ ሰው ቱቦ ሲገባለት ወዲያው 1,500 ሚሊ ሊትር ደም ከወጣ፣ ወይም ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ 200 ሚሊ ሊትር እየወጣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ከቀጠለ፣ ኦፕሬሽን ክፍል መግባት አለበት። ፕላስተሩ ላይ በየሰዓቱ ካልተሰመረ ይህን የሚያውቅ የለም።

ስለ ሕመም ደግሞ ጠንከር አድርጌ ልናገር። ደረቱ የተከፈተ ሰው ካመመው አይስልም። ካልሳለ አክታው ይጠራቀማል። ከዚያ የሳንባ ምች ይመጣል፣ ኦክሲጅን ይፈልጋል፣ አልጋው አይለቀቅም። ስለዚህ የሕመም ማስታገሻ በሽተኛው ሲጮህ ብቻ የሚሰጥ መሆን የለበትም። በሰዓቱ ይሰጥ። ቀዶ ሐኪሙ ደረቱን ከመዝጋቱ በፊት በጎድን አጥንቶቹ መካከል ያሉትን ነርቮች በቡፒቫኬይን ቢያደነዝዝ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይቀልላሉ። ጥቂት ደቂቃ የሚወስድና ርካሽ ነው። ከነገ ጀምሮ ይጠይቁት። ቁስሉ ላይ ጋቢ ጠቅልሎ አቅፎ ሲስል ሕመሙ ይቀንሳል፤ ይህንንም ያሳዩት።

ብዙ ዋርድ ውስጥ በሽተኛው ጓንት እንዲነፋ ይደረጋል። ከምንም ይሻላል፤ ግን ሳንባውን የሚከፍተው በረጅሙ መሳቡ ነው። በረጅሙ ስቦ፣ ትንሽ ይዞ፣ ቀስ ብሎ ይልቀቅ፤ ነቅቶ ባለበት በየሰዓቱ አሥር ጊዜ ያህል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን መነሣት ነው። በማግስቱ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ከዚያ ጠርሙሱን ከጉልበቱ በታች ይዞ ኮሪደሩን ይራመድ። ቤተሰብ «ደክሟል፣ ይረፍ» ይላል፤ ፍቅር ነው፤ ግን አስረዷቸው። የኦክሲጅን ልኬት ስታዩ ደግሞ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም መሆኗን አስቡ። እዚህ ከፍታ ላይ የጤነኛ ሰው ልኬትም ቆላ ካለው ሰው ዝቅ ይላል። 92 ማየት ብቻውን አያስደነግጥም። ትናንት 95 የነበረ ሰው ዛሬ 90 ከሆነ ግን ጠርሙሱንም በሽተኛውንም ወዲያው ይዩ።

ወደሚሰረዘው ኦፕሬሽን እንሂድ። በሽተኛው ከዋዜማው ራት ጀምሮ ምንም ሳይቀምስ ይውላል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ «ዛሬ አይሆንም» ይባላል። ነገም እንደዚያው። ይህ ሰው እየራበው ነው የሚዳከመው። በመጀመሪያ ጾሙ ራሱ ረዝሟል። ሌላ ችግር ለሌለበት በሽተኛ ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከውሃና ወተት ከሌለው ሻይ 2 ሰዓት ይበቃል። ከሰመመን ባለሙያው ጋር ተስማሙና በዚህ ሥሩ። ሁለተኛ፣ ኦፕሬሽን በተሰረዘ ቁጥር ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፉ። ደም አልተዘጋጀም፣ የላብራቶሪ ውጤት አልደረሰም፣ የአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) አልጋ አልተገኘም፣ አውቶክሌቭ (የመሣሪያ ማምከኛው) አልሠራም፣ መብራት ጠፋ፣ ያለፈው ኦፕሬሽን ረዘመ። አንድ ወር ሲጻፍ ሁለት ወይም ሦስት ምክንያት ጎልቶ ይወጣል። ቡድናችሁ በሁለቱ ላይ ብቻ ይሥራ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትንኩ። ሦስተኛ፣ የነገው ዝርዝር ዛሬ ከሰዓት ይታይ። ቀዶ ሐኪሙ፣ የሰመመን ባለሙያው፣ የኦፕሬሽን ክፍል ነርሷና የዋርዱ ነርስ ሩብ ሰዓት ቆመው ይነጋገሩ። ደሙ ደም ባንክ መኖሩ በስልክ ይረጋገጥ። ደረት የሚከፈትለት ሰው የመጀመሪያው ተራ ላይ ይደረግ። ረጅም ሥራ ነው፣ አይሲዩ ይፈልጋል፤ ሦስተኛ ተራ ላይ ከተደረገ የመሰረዝ ዕድሉ ከፍ ይላል።

አንቲባዮቲክን በተመለከተ አንድ ጎጂ ልማድ አለ። ጠዋት ዋርድ ውስጥ ይወጋል፤ ቢላው የሚያርፈው እኩለ ቀን ላይ ነው። መድኃኒቱ እስከዚያ ሥራውን ጨርሷል። መሰጠት ያለበት ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ፣ ቆዳ ከመቆረጡ በፊት ባለው 60 ደቂቃ ውስጥ ነው። አንቲባዮቲኩ ሴፋዞሊን ከሆነና ኦፕሬሽኑ ከ4 ሰዓት በላይ ከረዘመ ይደገማል። ለመከላከያ ተብሎ የተጀመረውም ኢንፌክሽን ከሌለ የሳንባ ቀዶ ሕክምና ላይ ከ24 ሰዓት በላይ አይቀጥልም። መግል ያለበት ሰው ግን ሕክምናው ሌላ ነው፤ አታደባልቁት።

የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደህንነት መጠይቅ (ቼክሊስት) ግድግዳችሁ ላይ ሊኖር ይችላል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ስምንት ከተሞች ላይ የተሠራው ጥናት ሲታተም፣ መጠይቁ ከመጣ በኋላ ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ ከኦፕሬሽን በኋላ የሚመጣ ችግርም ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዶ ነበር። ይህ የሚሠራው ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው። አስቀድሞ ራይት ተደርጎበት ካርድ ውስጥ የሚገባ ወረቀት ማንንም አያድንም። ደረት ላይ ደግሞ ጎን አለ፤ ቀኝ ነው ግራ? ኤክስሬይ ተገልብጦ ሊሰቀል ይችላል። በሽተኛው ሳይተኛ ራሱ እጁን ያሳርፍበት፣ ቆዳው ላይ ምልክት ይደረግ፣ ቢላው ከማረፉ በፊት አንድ ሰው ጎኑን ጮክ ብሎ ይናገር። በሽተኛው ከኦፕሬሽን ክፍል ሲወጣም ርክክቡ በጫጫታ መሃል አይሁን። መጀመሪያ ኦክሲጅኑና ሞኒተሩ ይገናኝ፣ ቱቦው ይታይ። ከዚያ ሁሉም ዝም ይበልና አንድ ሰው ይናገር፦ ምን ተሠራ፣ ስንት ደም ፈሰሰ፣ የት አካባቢ ያሰጋል፣ ዛሬ ሌሊት ምን ከታየ ማን ይጠራ።

አሁን ስለ መዝገቡ። አንድ ደብተር ይበቃል። ዕድሜ፣ ሕመሙ፣ ቱቦ የገባበትና የወጣበት ቀን፣ ቱቦ በድንገት ወልቆ እንደሆነ፣ ኢንፌክሽን፣ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ድጋሚ መመለስ፣ በ30ኛው ቀን ደህና ነው ወይስ አይደለም። ለመጨረሻው ስልክ መደወል ያስፈልጋል፤ ሲወጣ የአስታማሚውንም ቁጥር ይያዙ። በየሳምንቱ ቱቦ በአማካይ ስንት ቀን እንደቆየ አስልተው ዋርዱ ውስጥ ይለጥፉት።

በ1987 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሜይን፣ ኒው ሃምፕሻየርና ቨርሞንት ያሉ የልብ ሐኪሞች ተባብረው እንዲህ ዓይነት መዝገብ ጀመሩ። የየሆስፒታሉን የባይፓስ (ለተዘጋ የልብ ደም ሥር ማለፊያ የሚሠራበት) ኦፕሬሽን ውጤት ሰበሰቡ። ውጤቱን ለባለቤቶቹ መልሰው አሳዩ። የጥራት ማሻሻያ ሥልጠና ወሰዱ። ከዚያ አንዱ የሌላውን ኦፕሬሽን ክፍል ሄዶ ቆሞ አየ። በ1996 ያሳተሙት ጥናት የሆስፒታል ሞት ከሚጠበቀው በ24 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ዘዴያቸው መተያየት ነበር። ኮምቦልቻና ደሴ መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የአንዱ ዋርድ ነርሶች የሌላውን ጠዋት ሄደው ቢያዩ ምን ያግዳል? አንድ ነገር ግን ከአለቆች ጋር አስቀድመው ይስማሙ። ደብተሩ ሰው መቅጫ እንዳይሆን። አንድ ሰው ጽፎ ከተቀጣ ሁለተኛ የሚጽፍ የለም።

ልባቸውን ስለተሠሩት የተለየ ደብተር ይክፈቱ። ደሴ የልብ ቫልቭ (ደም የሚያልፍበትን የልብ በር) ባትቀይርም፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ያለው ሥራ የእናንተ ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ወረፋው ብዙ ነው። አንድ ልጅ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በተበላሸ ጥርስ ወይም በደም ማነስ ምክንያት ከተመለሰ ያ ተራ ባከነ። ጥርሱን፣ ደሙን፣ ኢንፌክሽኑን እዚሁ ጨርሳችሁ ላኩ።

ሲመለሱ ዋናው ነገር ዋርፋሪን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት፣ ነው። ሚትራል (በልብ ግራ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው በር) ቦታ ላይ ብረት ቫልቭ ያለው ሰው አይ ኤን አሩ (ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳየው ልኬት) አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። ከዚያ ከወረደ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ በጣም ከጨመረ ይደማል። ሰዎች «ጎመን ተከልክያለሁ» ይላሉ። አልተከለከለም፤ መጠኑ እንዳይቀያየር ነው። በዐቢይ ጾም ጎመኑ ይበዛል። በረመዳን ደግሞ የመብያ ሰዓቱም ምግቡም ይለወጣል። ወሎ ውስጥ ሁለቱም ጾም በየቤቱ አለ። ስለዚህ ጾሙ በገባ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ደማቸው ይለካ። ያለ ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ወይም የሕመም ማስታገሻ ከፋርማሲ ገዝተው እንዳይወስዱ ይነገራቸው። ብረት ቫልቭ ያለበት ሰው ሌሊት ጸጥ ሲል ቅጭ ቅጭ የሚለውን ራሱ ይሰማዋል። ያ ድምፅ ከጠፋ ወይም ከታፈነ፣ ትንፋሽም ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ይምጣ። ወጣት ሴቶች ላይ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍ። ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። ከማርገዟ በፊት መጥታ ትማከር፤ ብቻዋን አቋርጣው ግን ቫልቩ እንዳይዘጋ። የቁርጥማት ልብ ሕመም የነበረባቸውም በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጉትን ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከኦፕሬሽኑ በኋላም አያቋርጡ። ብዙዎች «ልቤ ተሠርቷል፣ ለምን?» ይላሉ። የተሠራው ቫልቩ ነው፤ ሕመሙን መጀመሪያ ያመጣው የጉሮሮ ኢንፌክሽን ተመልሶ ሊመጣና ሌላውን ቫልቭ ሊያበላሽ ይችላል።

ማሽን ይገዛ ከተባለ የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። በየአልጋው የሚበቃ ፐልስ ኦክሲሜትር (የደም ኦክሲጅን መለኪያ)፣ አስተማማኝ ኦክሲጅን፣ የሚሠራ ሳክሽን (ፈሳሽ መምጠጫ)፣ ለሰመመን የሚወጣውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን የሚያሳይ ሞኒተር፣ ዋርዱ ድረስ የሚመጣ አልትራሳውንድ፣ የማይቋረጥ የአይ ኤን አር ኬሚካል። ደረት ሳይከፈት በካሜራ የሚሠራበት መሣሪያ ጥሩ ነው፤ ሕመሙንም የመተኛ ቀኑንም ይቀንሳል። ነገር ግን በሽተኛው ቱቦ ከገባለት ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ካልተላከልን እሱም ብዙ አይጠቅምም፤ ቅርፊቱ ከወፈረ በኋላ በካሜራ መላጥ ከባድ ነው። ስለዚህ ለአለቆቻችሁ የካሜራውን ጥያቄ ከማስገባታችሁ በፊት የሦስት ወሩን ደብተር አብራችሁ ያዙ፤ ስንት በሽተኛ በጊዜው እንደተለየ፣ ስንቱ ዘግይቶ እንደደረሰ ከዚያ ላይ ይታያል።